በነጠላ ከልዬ ያበላኋት ልጅ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ነፍስ አባቴ ዘንድ በየዓመቱ ቀርቤ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የሻርኩትን ጾም ተናዝዣለሁ፤ ይህን ግን ዘልዬዋለሁ። የታዘዝኩትን ስግደት ሰግጄ፣ ይህን አንድ ነገር እንደያዝኩ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። አሁን ዕድሜዬ ሰባን አልፏል። ለእናንተ ለማታውቁኝ ብነግር ይቀልለኛል ብዬ ጀመርኩት። ይቅለለኝ አይቅለለኝ ገና አላውቅም።

እኔ የልጅ ልጄን ማኅሌትን ከእናቷ እጅ ወሰድኳት። ከቤት ይዣት አልወጣሁም፤ በማንም ፊት አልተጣላሁም። ያደረግሁት አንድ ነገር ነው። የማውቀውን ነገር ለእናቷ አላሳየኋትም። አውቄ፣ ዓይኗ እያየኝ፣ አላሳየኋትም።

ቤታችን ደባርቅ ነው፤ መኪኖች ወደ ሊማሊሞ ከመውረዳቸው በፊት በሚያልፉበት መንገድ ዳር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ በአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ተቀጥሬ ጡረታ እስክወጣ ሠርቻለሁ። ባለቤቴ ቀድሞኝ ሞቷል። ልጄ ሲሳይ አይሱዙ ይነዳል። ሚስቱ ብርቱካን የዳባት ልጅ ናት፤ እዚያው ዳባት የአጸደ ሕፃናት መምህርት ነበረች። ማኅሌት የእነሱ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ስትወለድ ምጡ ረዘመ፤ ሕፃኗም ሳታለቅስ ወጣች። በኋላ ሐኪሞቹ በምጡ ጊዜ አየር አጥሯት አንጎሏ እንደተጎዳ ነገሩን። አንገቷ አልጸና አለ። እጅና እግሯ ይገተራል። አልፎ አልፎም ይጥላታል። ከሁሉ የከበደን ግን መዋጥ አለመቻሏ ነበር።

ታዲያ እንዴት እናብላት? እኛ የምናውቀው መንገድ አንድ ነው፤ መጋት። ልጁን ጭን ላይ በጀርባው ማስተኛት፣ አንገቱን ወደ ኋላ መመለስ፣ መዳፍን እንደ ጭልፋ አጉብጦ አብሹን ወይም አጥሚቱን አፉ ውስጥ ማንቆርቆር። እኔ እንዲህ ነው ያደግሁት፤ ሲሳይንም እንዲህ ነው ያሳደግሁት። ለብርቱካን ያሳየኋት እኔው ነኝ። በዚህ ራሴን አልከስም፤ ያን ጊዜ ማናችንም አናውቅም ነበር። ማኅሌት በተጋተች ቁጥር ትን ይላታል፣ ፊቷ ይጠቁራል፣ ዓይኗ ይፈጣል። እኛም ጀርባዋን መታ መታ አድርገን እንቀጥላለን። ልጅቱ አልወፍር አለች።

ብርቱካን የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጠዋት በሚኒባስ ዳባት ትወርዳለች፣ ወደ ማታ ትመለሳለች። ልጅቱን የምይዛት እኔ ሆንኩ። በዚያ ሰሞን ነው የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከጎንደር የመጣች አንዲት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይዛ ቤታችን የመጣችው። ባለሙያዋ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠችና እንዴት እንደማበላት እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ማኅሌትን አስተኝቼ፣ አንገቷን መልሼ፣ መዳፌን ሳጎብጥ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«እማማ፣ ቆዩ! ቆዩ! እንዲህ ሲያደርጉ በሩን የሚከፍቱት ለሳንባዋ ነው።»

ከዚያ አሳየችኝ። ልጅቱን ቀና አድርጋ ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት። ከወገቧ አጠፍ አድርጋ ጀርባዋን ደረቴ ላይ አስደገፈች። አገጯን በጣቷ ወደ ደረቷ ዝቅ አደረገች። አጥሚቱን ከማንኪያ ላይ እስከማይፈስ ድረስ አወፈረችው። በማንኪያው ጫፍ ጥቂት ሰጠቻትና አገጯን ከሥር ደግፋ ጠበቀች። እኔ ጥበቃውን አልቻልኩትም፤ ልጨምርላት እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ። «ትዋጥ። እሷ ሳትጨርስ እርስዎ አይቸኩሉ።» የማኅሌት ጉሮሮ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አየሁ። ዋጠች። አላሳላትም። ዓይኗን ወደ ላይ አድርጋ ፊቴን ፈለገች።

ባለሙያዋ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ እንዲህ አለችኝ፦ «ለእናቷም ያሳዩአት እማማ። የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ልጅቱ የዚያ ሰው እስረኛ ትሆናለች።»

እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት ከልቤ ነበር።

ማታ ብርቱካን መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ልጇን አነሣቻት። «ዛሬ ምን አግኝታ ነው እንዲህ ደስ ያላት?» አለች።

«በላች» አልኳት።

«ሳያስላት?»

«ሳያስላት። የእኔን እጅ ለመደች መሰለኝ።»

ብርቱካን ሳቀች። እጄን ይዛ ሳመችው። «ይህ እጅ የተባረከ ነው» አለች። ያን ጊዜ ልነግራት ይገባኝ ነበር። አፌ ላይ ደርሶም ነበር። ግን እጄን ስማ ስትለቀው የተሰማኝን ነገር ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም። በሥራ ዘመኔ የንብረት ክፍሉ ቁልፍ በእኔ ወገብ ላይ ነበር፤ ጠመኔ የፈለገ ሁሉ አስካለ ትጠራ ይላል። ቁልፉን ካስረከብኩ በኋላ የሚጠራኝ አልነበረም። አሁን እንደገና የሚፈለግ ነገር እጄ ገባ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ሌሎች ሴቶችም ጡረታ ይወጣሉ፤ ልጅ ከእናቷ አይነጥቁም።

ቅዳሜና እሑድ ብርቱካን ቤት ትውላለች። መሸሸግ የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። እንዴት ሸሸግሁት? እኛ ዘንድ ልጅ ሲበላ ከዓይን ይከለላል። እናት ነጠላዋን ከራሷ እስከ ልጇ ጣል አድርጋ ብታበላ ማንም ምነው አይላትም። እኔም ማኅሌትን ይዤ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ፣ ነጠላዬን በሁለታችን ላይ እጥላለሁ፣ ከሥሩ አገጯን ዝቅ አድርጌ አበላታለሁ። ብርቱካን የምታየው ጀርባዬን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ጠጋ ብላ ልታይ ስትሞክር «ሰው ሲያያት አትበላም» አልኳት። እሷም ወደ ኋላ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የገዛ ልጇ ስትበላ እንዳታይ ከለከልኳት። እኔ በዓይን አላምንም ነበር። የተከለልኩት ከእናቷ ዓይን ነው።

ብርቱካን በበኩሏ ስትሞክር የምትሞክረው የምታውቀውን ነው፤ መጋት። ልጅቱን ታስተኛለች፣ አንገቷን ትመልሳለች። ማኅሌት ትን ይላታል። እኔ እነሣና እቀበላታለሁ። ነጠላዬን እጥላለሁ። ጸጥ ትላለች። ይህን በየሳምንቱ አደረግሁ። በየሳምንቱ ልነግራት እችል ነበር። ከአንድ ሲኒ አጥሚት የበለጠ ጊዜ የሚወስድ ነገር አልነበረም።

ከዚያ የሆነው ሆነ። አንድ እሑድ ጎረቤት ሰው ሞተና ለቅሶ ሄድኩ። ብርቱካን ልጇን ብቻዋን አበላቻት። ስመለስ ማኅሌት ትንፋሿ ያቃስት ነበር፤ በማግስቱ ትኩሳቱ ነደደባት። ሲሳይ መኪናውን አቁሞ ጎንደር ሆስፒታል ይዘናት ሄድን። ምግቡ ሳንባዋ ገብቶ ሳንባ ምች ሆኗል አሉ። ልጅቱ አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን ተደርጎላት ሰነበተች። ለጥቂት ነው የተመለሰችው።

ብርቱካን ከአልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ እጇን ገልብጣ ታየው ነበር። «እጄ ነው» ትላለች። «እጄ አይሆናትም።» ሲሳይ ሊያጽናናት ብሎ «በቃ፣ ከእንግዲህ እማዬ ብቻ ታብላት» አለ። እሷም ራሷን ነቀነቀች። እኔ የት ነበርኩ? እዚያው ነበርኩ። ከሁለቱ መካከል፣ ፔርሙዝ ይዤ ቆሜ ነበር። እጅሽ አይደለም፣ አንገቷን ስለምትመልሺው ነው፣ እኔ አውቅ ነበር ማለት እችል ነበር። አላልኩም። አሁን ደግሞ ፍርሃት ተጨመረበት፤ ከተናገርኩ ልጅቱን እዚህ አልጋ ላይ ያስተኛኋት እኔ መሆኔ ይታወቃል። ስለዚህ ሻዩን ቀድቼ ሰጠኋት።

ከሆስፒታል ከወጣን በኋላ ብርቱካን ዳባት ቤት ተከራየች። የመንገዱ ምልልስ ደክሞኛል አለች። ምልልሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቅዳሜ ትመጣለች፣ የልጇን ልብስ ታጥባለች፣ ፀጉሯን ትሠራታለች፣ ያመጣችላትን ካልሲ ታለብሳታለች፤ የምግብ ሰዓት ሲደርስ ግን ወደ ጓሮ ትወጣለች። ሥራዋ ላይ የሰው ልጆች ምሳ ዕቃ ትከፍታለች፤ የራሷን ልጅ ማጉረስ ትታለች። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

እኔ በእነዚያ ዓመታት ደስተኛ ነበርኩ። ይህን መሸፈን አልፈልግም። ማኅሌትን በደንብ አሳድጌያታለሁ። ሰፈር ያለው አናጢ ከባሕር ዛፍ እንጨት በልኳ ወንበር ሠራላት፤ ጎኗ እንዳያዘነብል ግራና ቀኙን በአሮጌ ብርድ ልብስ ሞላሁት። ገላዋ እንዳይቆስል በየጊዜው አገላብጣታለሁ። የሚጥላትን የሚከላከለውን መድኃኒት አስተጓጉዬ አላውቅም። ከምግብ በኋላ አፏን በንጹሕ ጨርቅ እጠርጋለሁ። የደባርቅ ብርድ ጉልበቷን እንዳያደርቀው ፀሐይ ስትወጣ በረንዳ ላይ አውጥቼ እግሯን አሻለሁ። እሷም መሳቅ ተማረች። የአባቷን መኪና ጡሩምባ ከሌሎቹ ለይታ ታውቃለች፤ ገና ከሩቅ ሲሰማ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ወሬው ወጣ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንደ ማኅሌት ያለ ልጅ ያላቸውን እናቶች ወደ እኔ ትልክ ጀመር። ከሳንቃ በር በኩል በበቅሎ የመጣች ነበረች፤ ልጇን በአንቀልባ አዝላ ከገጠር በእግሯ የመጣች ነበረች። እኔም አስተማርኳቸው። አስቡት። ነጠላዬን አልጣልኩም። ወደ ግድግዳው አልዞርኩም። ማኅሌትን በብርሃን አስቀምጬ፣ አገጯን እንዴት እንደምይዝ ጣታቸውን በጣቴ ላይ አሳርፌ አሳየኋቸው። ለማላውቃት ሴት ሁሉ ያሳየሁትን ለእናቷ ደበቅሁ። ለምን? እነዚያ ተምረው ይሄዳሉ። ብርቱካን ግን ብትማር ልጇን ትወስዳለች።

ከመጡት አንዷ ከድጃ ነበረች፤ ዳባት ገበያ ጨርቅ የምትነግድ፣ አፏ የማያርፍ ሴት። ልጇን ይዛ ገና ከበሩ ሳትገባ «እትዬ አስካለ፣ ይኸው ልጄን እንደሚታረድ ዶሮ አንገቱን ይዤ ስግተው ከረምኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ!» አለች። ስትማር እየሳቀች ነው፤ ልጁ ሲውጥ ግን ዝም አለች፣ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። ስትሄድ ለማኅሌት የአበባ ጨርቅ ሰጠችን። ከማን ጋር እንደምትገናኝ እኔ በምን አውቄ።

አንድ ቅዳሜ ብርቱካን ከዳባት መጣች። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ወደ ጓሮ አልወጣችም። እጇን ታጠበች፣ ማኅሌትን አንሥታ ጭኗ ላይ ቀና አድርጋ አስቀመጠች፣ ደረቷ ላይ አስደገፈች። ሳህኑን እንዳቀብላት እጇን ዘረጋችልኝ። እኔም አቀበልኳት። የልጅቱን አገጭ ዝቅ አደረገች። በማንኪያው ጫፍ ሰጠቻት። ጠበቀች። የማኅሌት ጉሮሮ ወጣ ወረደ። ዋጠች። ብርቱካን ሁለተኛውን ሰጠቻት። ሳህኑ እስኪያልቅ እንባዋ በአገጯ ወርዶ የልጅቱ ፀጉር ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ስትጨርስ ነገረችኝ። ጨርቅ ልትገዛ ከድጃ ዘንድ ገብታ የከድጃን ልጅ ሲበላ አይታለች። ማን እንዳስተማራት ጠየቀቻት። «ደባርቅ ያሉ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት» አለቻት። ብርቱካንም «አማቴ ናቸው እኮ» ስትላት ከድጃ የምትለካውን ጨርቅ ጥላ ሳቀችባት። «ውኃው ቤትሽ እያለ ከእኔ ትቀጂያለሽ? ወይ መምህርት!» ብላ እዚያው ሱቁ ውስጥ በራሷ ልጅ አሳየቻት።

ብርቱካን ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። ከዚያ ሳቋን ተወችና አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። «እማዬ፣ ለእኔ ለምን አላሳዩኝም?» አለች።

አሁን የምናገረው ከሁሉ የከፋውን ነው። እስከዚያ ቀን ዝም ነበር ያልኩት። በዚያ ቀን ዋሸሁ።

«ነግሬሽ ነበር እኮ» አልኳት። «ያን ጊዜ ጆሮሽ ከእኔ ጋር አልነበረም።»

ብርቱካን አሰበች። ከልቧ ለማስታወስ ስትሞክር ግንባሯ ሲቋጠር አየሁ። ያልተነገራትን ቃል በራሷ ውስጥ ፈለገችው። ከዚያ «እውነትዎን ነው» አለች። «ያን ጊዜ እንኳን የሰው ቃል የራሴንም ስም አልሰማም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።» ማኅሌትን እንዳቀፈች ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። እኔም «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አልኳት።

ይህን ቃል አልኩ። እኔ የበደልኳትን ሴት፣ በእኔ ፊት ጎንበስ ብላ ሳለ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ አልኳት።

ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ደግ ዘመን ነው። ብርቱካን ዝውውር ጠይቃ ደባርቅ ተመደበች። የዳባቱን ቤት ለቀቀች። ማኅሌት አሁን ረዝማለች፤ ብቻዬን አላነሣትም፤ ሁለታችን በአንሶላ ይዘን ነው ከአልጋ ወደ ወንበሯ የምናሸጋግራት። ብርቱካን ከእኔ የተሻለች ሆናለች። ልጅቱ ዓይኗን ወደ ላይ ስታነሣ አዎ፣ ስትጨፍን አይሆንም ማለቷ እንደሆነ ያወቀችው እሷ ናት፤ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያት ስኖር አልጠየቅኋትም ነበር። አሁን ማኅሌት ገንፎና ፍትፍት ትመርጣለች፣ ቀይ ሹራብና ሰማያዊ ሹራብ ትመርጣለች። ባለፈው ብርቱካን «አያትሽ ትዝፈን?» ብትላት ዓይኗን ጭፍን አደረገች፤ ሲሳይ መሬት ላይ እስኪንከባለል ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። የእኔ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ማንኪያውን ትቼዋለሁ፤ አጥሚቱን ማወፈርና አፏን መጥረግ የእኔ ሥራ ነው። ቤታችን ውስጥ ቅሬታ የለም። ማታ ስተኛ ደስ ብሎኝ ነው የምተኛው።

ታዲያ ይህን ሰላም ምን ብዬ እነካዋለሁ? ዝም ብል ማንም አያውቅም። ከድጃ አታውቅም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለብርቱካን ያኔውኑ ያሳየኋት ይመስላታል፤ ያቺ ባለሙያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለች እንጃ። ብናገር ብርቱካን ፊቷን ልታዞርብኝ ትችላለች። ነገ የምታነሣኝና የምታበላኝ እሷ ናት፤ ሌላ ሰው የለኝም። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ። ነገር ግን ብርቱካን እስከ ዛሬ፣ ማኅሌት ትንሽ ባሳላት ቁጥር፣ ቀድማ የምታየው እጇን ነው። ያን ዓመት የተነገራትን ባለመስማቷ የገዛ ልጇን ሞት አፋፍ እንዳደረሰች ታምናለች። ይህን እምነት ውስጧ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ማንም ሌላ ሊያወጣላት አይችልም።

ነገ ቅዳሜ ነው። ብርቱካን ልጇን ምሳ ታበላታለች። በዚህ ቤት በምግብ ሰዓት ድምፅ አይነሣም፤ ማኅሌት ከደነገጠች ትን ይላታል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እጠብቃለሁ። የመጨረሻዋን ትዋጥ። አፏን ልጥረግላት። ምግቡ እስኪወርድላት ቀና ብላ ትቆይ። ከዚያ ሳህኑን ከብርቱካን እጅ ተቀብዬ «ነግሬሽ ነበር ያልኩሽ ውሸት ነው፤ አልነገርኩሽም» እላታለሁ።

ይቅር በይኝ አልላትም፤ ነገ አልላትም። ከጠየቅኋት ወዲያው እንደምትሰጠኝ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ያላጠፋችውን ጥፋት ይቅር በሉኝ ያለች ሴት ናት። መጀመሪያ ትቆጣ። የፈለገችውን ያህል ትቆጣ። እኔ ነጠላዬን ከበሩ ኋላ ሰቅዬ፣ ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ እቀመጣለሁ።